ከእድሳቱ በኋላ ሌሊት ሌሊት የሚጮኸው አላርማችን

ደሴ ያለው የእማዬ ቤት አላርም ሦስት ሌሊት በተከታታይ ጮኸ። ሁሌ ወደ 9 ሰዓት አካባቢ፣ ብርዱ ሲጠነክር። በሦስተኛው ሌሊት ደውላ "ልጄ ሌባ ይሁን እቃው ይበላሽ አላወኩም፣ ልቤ ግን ሊቆም ነው" አለችኝና እኔ ኮምቦልቻ ስለምኖር ነጋ አልነጋ ብዬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሀረጎን ወጣሁ፣ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ እያዘገመ፣ 25 ኪሎ ሜትር የማትሞላው መንገድ አላልቅ አለችኝ።

አላርሙን ያስገባነው ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ነው። ስንመለስ ቤቱ ተሰብሮ ባዶውን ነበር የጠበቀን፣ ረከቦቷ እንኳን አልተረፈችም። ከዛ ወዲህ እማዬ አላርሙ ካልበራ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ ስለዚህ "ነቅላችሁ ጣሉት" የሚባል ነገር አይደለም።

ችግሩ የጀመረው ግን ከእድሳቱ በኋላ ነው። ጣራው ያፈስ ስለነበር ቆርቆሮው ተቀየረ፣ ኮርኒሱ ፈርሶ እንደ አዲስ ተሰራ፣ ሳሎኑ ተለሰነ፣ የፊት በሩም ብረት ሆነ።

ስደርስ አንድ የሰፈር ባለሙያ ቀድሞኝ የአላርሙን ዋና ሳጥን (ፓነሉን) ከፍቶ ቆሟል። "ዞን 3፣ የመስኮቱ መስመር ነው የሚያስቸግረው፣ ሬዚስተሯን እዚሁ ሳጥኑ ውስጥ ላስርልሽ፣ ጸጥ ይላል" አለኝ። እውነቱን ነው ጸጥ ይላል፣ ግን ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል ምክንያቱም ብዙ ቤት እንደዚህ ተደርጎ ነው የሚተወው። ባለ ሽቦ አላርም በመስመሩ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየላከ መመለሱን ሁሌ ይጠብቃል፣ በመስመሩ ጫፍ፣ መስኮቱ ጋ መከፈቱን የሚያውቀው ሴንሰር ውስጥ ሬዚስተር የምትባል ኤሌክትሪኩን በመጠኑ የምትገታ ትንሽ እቃ አለች፣ የኛዋ 2.2 ኪሎ ኦም ናት፣ እንደ ፓነሉ ይለያያል። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ዝም ይላል፣ ሽቦው ቢቆረጥም ሾርት ቢያደርግም ይጮሃል። ሬዚስተሯን አምጥተህ ሳጥኑ ውስጥ ካሰርካት ግን ፓነሉ የሚያየው እሷን ብቻ ነው፣ መስኮቱን ነቅለው ቢገቡ እንኳን ትንፍሽ አይልም። እማዬም ተጠብቄያለሁ ብላ ትተኛለች።

ለሙከራ ግን ጥሩ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ራሱ ስለሚያስጮህ ባለሙያው ከመክፈቱ በፊት በኮዱ ጥገና ላይ አስገብቶት ነበር፣ የ220ውን መብራት አጠፋን፣ የዞን 3ን ሁለት ሽቦ ነቅለን በቦታው ሌላ 2.2 አሰርንና መብራቱን መለስን። ደህና። ስለዚህ ፓነሉ ጤነኛ ይመስላል፣ ጥፋቱ መስመሩ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

የተነቀለውን መስመር በቴስተር ስለካው ደግሞ ልክ 2.2 አነበበ። ግራ ገባኝ። ቆይቼ ሳስበው ረፋድ ሆኗል፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ሞቋል፣ እሱ የሚጮኸው ደግሞ ጣራው ቀዝቅዞ ሲኮማተር ነው። የመጥረጊያውን እንጨት ይዤ ኮርኒሱን ከሳጥኑ ጀምሬ ወደ መስኮቱ ቀስ እያልኩ ገፋሁት፣ ወንድሜ ቴስተሩን እያየ። ጥጉ ላይ ስደርስ "ጠፋ!" አለ። ስለቅ፣ ተመለሰ። ስገፋ፣ ጠፋ።

ኮርኒሱን እዛች ጋ ከፈትን። የኮርኒሱ ሰራተኛ የመታው ምስማር ኬብሉን መሀል ለመሀል ወግቶታል። 7 ቀጫጭን የመዳብ ክር ካለው ሽቦ ስድስቱ ተበጥሰው አንዷ ብቻ ጫፏ ከጫፍ እየነካ ቀርታለች፣ እንጨቱ በብርድ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ትላቀቃለች፣ ሲሞቅ ትገናኛለች። ያቺ ክር ናት እናቴን ሦስት ሌሊት ያስቀመጠቻት። ሰራተኛውን አልፈርድበትም፣ ሽቦው በየት በየት እንደሚያልፍ ማንም አልነገረውም፣ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ነበረብን።

የተጎዳውን ቆርጠን አዲስ ሽቦ ቀጠልን፣ በሊድ በይደን እንጂ ጠምዝዘን ብቻ አልተውነውም ምክንያቱም በደሴ እርጥበት የተጠመዘዘ መዳብ አረንጓዴ ያወጣል። መጋጠሚያውን ትንሽ ሳጥን ውስጥ አድርገን ሊከፈት በሚችል ቦታ አስቀመጥነው።

ሌላም ሁለት ነገር ነበረ። የፊት በሩ ሴንሰር ማግኔት ብረቱ ላይ በቀጥታ ስለተለጠፈ ጉልበቱን ብረቱ ይወስድበታል፣ ከስሩ ወፍራም ፕላስቲክ አስገባንለት። የአላርሙ ባትሪ ደግሞ ቻርጅ ላይ እያለ 13.8 ቮልት እያሳየ ያታልላል፣ መብራቱን ስናጠፋው ብዙም ሳይቆይ ወረደ። በእድሳቱ ጊዜ መብራት ለቀናት ተቋርጦ ባዶውን ስለከረመ ነው የሞተው፣ በአዲስ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ቀየርነው።

ማታ ለጎረቤት ነግረን መስኮቱን ከፈትኩት፣ ጮኸ። በሩንም እንደዛው። ያን ሌሊት አልሄድኩም፣ 9 ሰዓት ሳይሆን ነቅቼ ጋቢ ለብሼ ሳሎን ተቀመጥኩ። ቆርቆሮው በብርዱ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ የኪፓዱ አረንጓዴ መብራት እንደበራ ነው፣ ከጓዳ የእማዬ ትንፋሽ ይሰማኛል።