ተረኛው ስልኩን አነሳ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይሄን ምስክርነት ስንት ጊዜ ጀምሬ እንዳቆምኩት እሱ ያውቃል፣ እዛች ሌሊት ጋ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጥና ስልኬን አስቀምጬ እነሳለሁ። ዛሬ ግን እያለቀስኩም ቢሆን እጨርሰዋለሁ ብያለሁ፣ የፊደል ስህተት ካለ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ባለቤቴ የቀድሞ ወታደር ነው። ከጦርነት ሲመለስ ትከሻው ውስጥ የመድፍ ፍንጣሪ ቀርቶ ነበር፣ ሐኪሞቹ ከማውጣቱ መተዉ ይሻላል ብለው ተዉት፣ ብርድ ሲሆን እስከ ዛሬ ይጠዘጥዘዋል። ያ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሌሊቱ ነበር። በእንቅልፍ ልቡ ይጮሃል፣ የማላውቃቸውን ሰዎች ስም ይጠራል፣ ኋላ ላይ ነው የሞቱ ጓዶቹ መሆናቸውን የነገረኝ። አንድ ሌሊት አንገቴን አንቆ ያዘኝ፣ ሲነቃ ያደረገውን አይቶ ግድግዳ ተደግፎ እስኪነጋ አለቀሰ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ሌላ ክፍል መተኛት ጀመረ። በአንድ ቤት ውስጥ ተለያየን ማለት ነው።

እውነቱን ልናገር፣ እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር። "መልስልኝ ብዬ ስለምንህ ግማሹን ብቻ ነው የመለስክልኝ" እለው ነበር። ቤተክርስቲያን አልቀርም፣ መዝሙር ሲዘመር ግን አፌን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሁሉ የእኔ የምላት አንድ ቃል ብቻ ነበረች፣ ዳዊት "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ያላት። ከሷ በኋላ ያለውን ማንበብ አልፈልግም ነበር። እንዲህ ሆኜ ዓመታት አለፉ።

ማህበሩ ውስጥ የከተቱን አንድ ሻምበል ናቸው፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። የቀድሞ ወታደሮች ማህበር ሲሉኝ ስለ ድሮ ጀብዱ ሲያወሩ ውለው የሚበተኑ ነበር የመሰለኝ። ሄጄ ሳይ ሌላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይሰበሰባሉ፣ መጀመሪያ ሁሉም ግፊቱን ይለካል፣ 140 በ90 ያለፈበት ሰው ካለ ዝም ብለው አያልፉትም፣ መድኃኒትህን በልተሃል ወይ ብለው ያፋጥጡታል። ከዛ ተሰልፈው በእግር ይሄዳሉ። ሁለት ቅዳሜ የቀረ ሰው ካለ ሶስተኛውን ሳይጠብቁ ቤቱ ድረስ ሄደው ያንኳኳሉ። ግማሾቹ የመድፍ ድምፅ ጆሯቸውን ስለጎዳው ይጯጯሃሉ፣ ለማያውቅ የተጣሉ ይመስላል።

በጦር ሜዳ ነርስ የነበረች አንዲት እህት አለች እነሱ ውስጥ። እሷ ናት ለእያንዳንዳቸው ኪስ የሚገባ ካርድ የሰራችላቸው። የሚወስደው መድኃኒት ከነመጠኑ፣ የማይስማማው ነገር፣ የደም ዓይነቱ፣ የሚሰማበት ጆሮ የትኛው እንደሆነ፣ ሰውነቱ ውስጥ ብረት ካለ የት እንዳለ፣ ሁሉም ተጽፏል። አንድ ቀን እኛን ሚስቶቹን ለብቻ ሰበሰበችንና ይሄ የሌሊት ጩኸት እብደትም እርግማንም አይደለም አለችን፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሼል ሾክ ይሉት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ፒቲኤስዲ፣ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጉዳት፣ ብለው መዝገባቸው ውስጥ አስገቡት፣ ህክምናም አለው አለች። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። በሽታው ስም አለው እኮ! የእኔ ጥፋትም የእሱ ጥፋትም አይደለም።

ሌላም ነገር ነበራቸው። የሌሊት ተረኛ። እንደ ድሮው የጥበቃ ተራ በየሌሊቱ አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ ያድራል፣ ቅዠት ያባነነው፣ ብቸኝነት የጠናበት፣ ራሱን ለመጉዳት ያሰበ፣ ማንም በማንኛውም ሰዓት ቢደውል ይነሳለታል። እኔ ግን ደውዬ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ጀመረ። ባለቤቴ የልብ ምቱ ስለሚዛባ ደም ማቅጠኛ ይወስዳል፣ ዋርፋሪን የሚባለውን። አንድ ቀን የመታጠቢያ ቤቱ በር ጠርዝ ጭንቅላቱን ገጨው። አልደማም፣ አላበጠም፣ እሱም ረሳው እኔም ረሳሁት። ከሶስት ሳምንት በኋላ ራሴን ያመኛል ማለት ጀመረ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል፣ የጀመረውን ወሬ ያቋርጠዋል። እኔ ያው የጦርነቱ ነገር ተመልሶ መጣ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ሐኪም ጋ ወሰድኩት፣ የሄድንበት ቦታ ያየው ሰው የዕድሜና የጭንቀት ነው ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጥቶ መለሰን። ልብ ያለው አንድ አስር አለቃ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከእግር ጉዞው ሲመለሱ ጠጋ ብሎ "እህቴ፣ እርምጃው ተበላሽቷል፣ ግራ እግሩ ይጎተታል፣ ይሄ ሰውዬ ከጎኔ ስንት ዓመት ተራምዷል፣ አውቀዋለሁ፣ ሰኞ ትልቅ ሆስፒታል ይታይ" አለኝ። ሰኞ እንሄዳለን አልኩ።

እሁድ ለሰኞ አጥቢያ ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ነቃሁ። የቀሰቀሰኝ ማንኮራፋቱ ነው፣ ከሱ ክፍል ይሰማል፣ ግን የሱ ማንኮራፋት አይደለም፣ እንደሚታነቅ ሰው ነው። ሮጬ ሄድኩ። መብራቱን ሳበራ ትራሱ ላይ አስመልሷል። ጠራሁት። ወዘወዝኩት። ዓይኑን በግድ ገለጥ አድርጎ መልሶ ጨፈነው፣ እኔን አላየኝም። ቀኝ እጁን ስይዘው ጨበጠኝ፣ ግራውን ባነሳው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተመልሶ ወደቀ።

ያኔ የወጣኝ ጸሎት አይደለም። ጣሪያውን ቀና ብዬ አይቼ "የቀረውንም ግማሽ ልትወስደው ነው?" ነው ያልኩት። ጮክ ብዬ። ይቅር ይበለኝ፣ ግን ያልኩት ይሄንን ነው፣ ምስክርነት ስጽፍ ልዋሽ አልችልም።

አምቡላንስ ደወልኩ፣ መስመሩ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፣ ተይዟል። ፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈችውን የተረኛ ቁጥር አየኋት፣ ደወልኩ፣ ሁለተኛው ጥሪ ሳያልቅ ተነሳ። ሻምበል ናቸው። "ይድረሱልኝ" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም። ድምፃቸው ፍጹም የተረጋጋ ነበር። "በጎኑ አስተኚው፣ አፉን አጽጂለት፣ ውሃም ኪኒንም እንዳትሰጪው፣ ካርዱን ከኪሱ አውጪና በእጅሽ ያዢው፣ በሩን ክፈቺ፣ መጣን።" እኔ በጎኑ አስተኝቼው እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ እስትንፋሱን እቆጥራለሁ፣ አንዱ ሄዶ ቀጣዩ እስኪመጣ የምጠብቀው ጊዜ... እሱን መጻፍ አልችልም። መዝሙር አልመጣልኝም፣ ቃልም አልመጣልኝም፣ "ተንፍስ፣ ተንፍስ" ብቻ ነው የምለው።

አራት ሆነው መጡ። ሻምበል፣ አስር አለቃው፣ አንድ ሾፌር የነበረ ጓዳቸው እና ጆሮው የማይሰማው መድፈኛ። አስር አለቃው አንድ እግሩ ሰው ሰራሽ ነው፣ እሱን አስሮ ነው የመጣው፣ የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፏል። አምቡላንሱ ሩቅ ነው ስለተባለ አልጠበቁም፣ ነርሷ በስልክ እያዘዘቻቸው ብርድ ልብሱን ከስሩ አንሸራተው አስገቡና አራቱም አንድ አንድ ጥግ ያዙ። የምንኖረው ሶስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ጠባብ ነው። አስር አለቃው በየደረጃው ብረቱ እግሩ ይንኳኳል፣ ቀስ፣ አንድ፣ ቀስ፣ ሁለት፣ ይላሉ። እኔ ከኋላ የሱን ጫማ ይዤ እከተላለሁ፣ ጫማው ለምን እንዳስፈለገኝ አላውቅም። እዛ ደረጃ ላይ ነው ድንገት የማርቆስ ወንጌል ትዝ ያለኝ፣ ሽባውን ለአራት ተሸክመው ጣሪያ ነድለው ያወረዱት ሰዎች። ሳልጠራው መጣ። ዓመታት ሙሉ ቃሉን ስሸሸው የኖርኩት ሴትዮ!

ሆስፒታል የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ናት፣ የት እንዳለች እንጃ፣ እግዚአብሔር ይባርካት። ካርዱን ከእጄ ወስዳ ስታነብ ፊቷ ተለወጠ። ዋርፋሪን፣ ከሱ ጋር ደግሞ በቅርቡ ለሽንት ኢንፌክሽን የታዘዘለት ኮትሪሞክሳዞል፣ እሱን ነርሷ በእጇ ጨምራበት ነበር። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ደሙን ከልክ በላይ ያቀጥኑታል አለች ሐኪሟ። የደሙን መቅጠን የሚለካው አይ ኤን አር የሚሉት ምርመራ ከ2 እስከ 3 መሆን ሲገባው የሱ ከ6 በላይ ሆኖ ተገኘ። ትከሻው ላይ ብረት እንዳለ ካርዱ ላይ ስላየች ኤምአርአይ የሚሉት መሣሪያ ማግኔት ነው አይሆንም፣ በሲቲ ራጅ ነው የምናየው አለችና ገፍተው ወሰዱት። ምስሉን አሳየችን። በቀኝ በኩል ባለው የራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ማጭድ የመሰለ ደም ተኝቷል። ዕድሜ ሲገፋ አንጎል ትንሽ ይሟሽሻል፣ ከሽፋኑ ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ደም ስሮች ይወጠራሉ፣ ትንሽ ግጭት ይበጥሳቸዋል፣ ደሙ ለሳምንታት ቀስ እያለ ይጠራቀማል ብላ አስረዳችን። የበሩ ጠርዝ! ጦርነቱ አይደለም፣ የበሩ ጠርዝ ነው!

ደሙ እንዲረጋ ቫይታሚን ኬ እና ፕላዝማ ሰጡት፣ እኔ ፈረምኩ፣ ወደ ኦፕራሲዮን ገባ።

ኮሪደሩ ላይ ቀረን። መድፈኛው መዝሙር 91ን በቃሉ መጸለይ ጀመረ፣ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ሲጸልይ ይጮሃል። ዘበኛው ዝም ሊያሰኘው መጣ፣ አጠገቡ ደርሶ ቆመና ኮፍያውን አወለቀ። "በአጠገብህ ሺህ በቀኝህም አሥር ሺህ ይወድቃሉ" የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ። ሌሎቹም አቀረቀሩ። እኔ ይሄን ጥቅስ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ለነሱ ግን በቀኝ የወደቀው ሰው ስም አለው፣ ፊት አለው። ባለቤቴ በሌሊት የሚጠራቸው ስሞች የነሱም ናቸው። ግማሹ የት ቀረ እያልኩ ስንት ዓመት ሳማርር የነበረው ግማሽ ባለቤቴ ከነዚህ ሰዎች ጋር ነበር ለካ፣ ያን ሌሊት እነሱ ይዘውት መጡ። ማርቆስ ላይ "ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ" ነው የሚለው። የሽባውን አይልም። የሚስቱንም አይልም። እኔ ያን ሌሊት እምነት አልነበረኝም፣ የተሸከሙት ነበራቸው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቀዶ ሐኪሙ ወጣ። ራስ ቅሉን ሁለት ቦታ በስተው ነው ያወጡለት፣ የተጠራቀመው ደም ያገለገለ የሞተር ዘይት ይመስል ነበር አለን። ጣሪያው ተነደለ ማለት ነው። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ከዛ "ልቅሶ ማታ ይመጣል፥ ጠዋት ግን ደስታ ይሆናል" የሚለው ከአፌ ወጣ፣ ከስንት ዓመት በኋላ በድምፅ።

በማግስቱ ዓይኑን ገለጠ። አየኝ፣ ከኋላዬ የቆሙትን አየ። የመጀመሪያ ቃሉ "ተረኛው ማነው?" ነበር። ሻምበል ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት፣ እስከዛ ድረስ አላለቀሱም ነበር።

ከዛ አምስት ወር ፊዚዮቴራፒ፣ መጀመሪያ በዊልቸር፣ ከዛ በዱላ፣ ከዛ ያለ ዱላ።

ቤታችሁ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ካለ እባካችሁ ጭንቅላቱን ትንሽም ቢገጭ ያኔውኑ ይታይ፣ አልደማም ብላችሁ አትተዉት፣ አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝለትም ዋርፋሪን እንደሚወስድ ተናገሩ። እኔ አላወቅኩም ነበር። ቅዠቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ጠፋ ብዬ አላታልላችሁም፣ አሁን ግን ሐኪም ጋ ይከታተላል፣ ሲባንንም ስሞቹን አብሬው እጠራለሁ፣ ለየቤተሰባቸው እንጸልያለን። አንድ ክፍል ነው የምንተኛው።

አራታችሁንም፣ ነርሷ እህቴን፣ ያቺን ሐኪም፣ ኮፍያውን ያወለቀውን ዘበኛ፣ ጌታ ብድራችሁን ይክፈል፣ እኔ አልችልም።

ዘንድሮ ሚስቶችም በተረኛ ዝርዝሩ ውስጥ ገብተናል፣ እኔ ነኝ የጠየቅኩት። ዛሬ ማታ የእኔ ተራ ነው፣ ይሄን የምጽፈውም ነቅቼ ለማደር ነው። ባለቤቴ ከመተኛቱ በፊት ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አደረገልኝ፣ መነጽሬን አጠገቡ አስቀመጠልኝ። "እነሆ፥ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋምም" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። አሁን ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፏል። እስትንፋሱ ይሰማኛል፣ የራሱ ማንኮራፋት ነው።