ወረቀቱ ላይ እኩል ነበር

ከሁለት ዓመት በፊት የዓሣ ዱቄቱንና የደም ፕላዝማ ዱቄቱን ከአሳማ ግልገሎቹ መኖ ላይ በአንድ ጊዜ ነቅዬ አወጣሁ። በቦታቸው የአኩሪ አተር ፋጉሎ ሞላሁ። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ ፕሮቲኑ ከ22 በመቶ ንቅንቅ አላለም። ቅንብሩን አትሜ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

ግልገሎቹ ጡት በጣሉ በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ማደሪያውን የሚያጸዱት አዛውንት በር ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ዛሬ ጫማህን ቀይረህ ግባ» አሉኝ። ወለሉ ቢጫና ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ነው። ግልገሎቹ ጀርባቸው ጎብጦ፣ ፀጉራቸው ቆሞ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ተኝተዋል። የመኖ ገንዳው ማታ እንደሞላሁት ቁጭ ብሏል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፋጉሎውን ነው። ጥሬ አኩሪ አተር ትሪፕሲን የተባለውን ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም የሚያግድ ነገር አለው። ሙቀት ያጠፋዋል፣ ግን በደንብ ካልበሰለ ይቀራል። ለዚህ ቀላል ምርመራ አለ። ዱቄቱን በሳህን ላይ ትበትኑና ዩሪያና ቀለም ያለበት ብጫማ ፈሳሽ ታፈሱበታላችሁ። ፈሳሹን የሚያቀላው በአኩሪ አተሩ ውስጥ ያለ ዩሪየስ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ እሱም በሙቀት ስለሚጠፋ፣ ምስክር ሆኖ ይቆማል። ሳህኑ ሙሉ በሙሉ ከቀላ ፋጉሎው ጥሬ ነው። ምንም ቀይ ካልታየ ደግሞ ምናልባት አርሮ ላይሲን የተባለው ዋና የፕሮቲን ክፍሉ ተጎድቷል። እኔ አጎንብሼ አምስት ደቂቃ ያህል አፈጠጥኩበት። እዚህም እዚያም ጥቂት ቀይ ነጠብጣብ ወጣ። ፋጉሎው ደህና ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው።

የሦስት ሳምንት ተኩል ግልገል ሆዱ የተሠራው ለወተት ነው። የጨጓራው አሲድ ገና ደካማ ነው። ሲጠባ ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ እየቀየሩ ያግዙታል። ጡት ሲጥል ያ እርዳታ ይቋረጣል። ብዙዎቹ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ምንም አይቀምሱም። በዚያ መሀል የትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ እንደ ምንጣፍ ፀጉር የቆሙት፣ ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጣቶች ያጥራሉ። እኔ እዚህ ሆድ ላይ ነው ፋጉሎ የጫንኩት።

ፋጉሎ በደንብ ቢበስልም ግሊሲኒንና ቤታ-ኮንግሊሲኒን የተባሉት ፕሮቲኖቹ በተለመደው ሙቀት አይጠፉም። የግልገሉ አንጀት እንደ አለርጂ ይቆጣቸዋል። ስታኪዮስና ራፊኖስ የተባሉ ስኳሮችም አሉት፤ አሳማ እነሱን የሚሰብር ኢንዛይም የለውም። ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት የወረደው ፕሮቲን ደግሞ ኢ. ኮላይ ለተባለው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ድግስ ነው።

ታዲያ ወደ ዓሣው ለምን አልተመለስኩም? ሰልችቶኝ ነው። አንዱ ጆንያ ከሌላው አይመሳሰልም። ኤልኒኞ የሚባለው የውቅያኖስ ሙቀት መጥቶ፣ ዱቄቱ የሚሠራበት የፔሩ አንቾቪ ዓሣ በቀነሰ ቁጥር የዓለም ገበያ ይናጋል። ከደም የሚሠራ ነገር ደግሞ በሚገባ ካልተዘጋጀ የበሽታ ስጋት አያጣውም።

ስለዚህ ቅንብሩን እንደገና ሠራሁት። ዋናውን ቦታ ለአኩሪ አተር ፕሮቲን ኮንሰንትሬት ሰጠሁት። እሱ በአልኮል ታጥቦ ስኳሮቹ የወጡለት፣ ፕሮቲኑ 65 በመቶ አካባቢ የሆነ ነው። ትንሽ የድንች ፕሮቲን ጨመርኩበት። ተራውን ፋጉሎ አልጣልኩትም፤ ገና እየጠቡ ሳሉ ከአሥረኛ ቀናቸው ጀምሮ በጭብጥ አስለመድኳቸውና ጡት ከጣሉ በኋላ ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግኩት።

ከሁሉ በላይ ግን የለወጥኩት ያቺን የምኮራባትን 22 ነው። ወደ 19 አወረድኳት። የጎደለውን በላይሲን፣ በሜቲዮኒን፣ በትሪዮኒን፣ በትሪፕቶፋንና በቫሊን ዱቄት ሞላሁት። እነዚህ ፕሮቲን የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ናቸው። ግልገል የሚፈልገው አሚኖ አሲዱን ነው፣ የፕሮቲን በመቶኛውን አይደለም። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር እኮ!

የኖራ ድንጋይ ዱቄቱንም ቀነስኩ፤ ያችኑ ያለችውን የጨጓራ አሲድ ያበርዳታል። የዕፅዋት ፎስፈረስ ፋይቴት በተባለ ነገር ታስሮ ስለሚመጣ፣ እሱን የሚፈታው ፋይቴዝ የተባለ ኢንዛይም ገባ። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት ስለማይገኝ የቫይታሚን ቅልቅሉን ደግሜ አየሁት።

አጓቱን አልነካሁትም። ከእንስሳ ነው፣ አውቃለሁ። «ሙሉ በሙሉ ከዕፅዋት» ብዬ ለመፎከር ብዬ ግን የወተቱን ስኳር፣ ላክቶሱን፣ አልነጥቃቸውም።

በመጀመሪያው ሳምንት ክብደታቸው በዓሣ ዱቄት ካደጉት ከድሮዎቹ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት መለየት አቃተኝ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ምድብ ጡት ጣለ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስደርስ በር ላይ የጠበቀኝ ሰው የለም። አዛውንቱ ውስጥ ሆነው ደረቅ ወለል ይጠርጋሉ። እኔ ግን ጫማዬን ቀይሬ ነው የገባሁት።