ሀዋሳ ላይ ከቡቺ ጋር

በዓሉን አስታክኬ ሀዋሳ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ነበር፣ መንገዱን ሞጆ መቂ ባቱ ሻሸመኔ እያልኩ አላሰለቻችሁም፣ እኔ ማውራት የምፈልገው እዛ ቤት ስላገኘኋት ውሻ ነው። ቡቺ ትባላለች፣ ቺዋዋ ናት፣ ሁለት ኪሎ ብትሞላ ነው፣ ዝርያው ራሱ ካደገ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ኪሎ አይበልጥም።

ማታ ላይ ፍቅር ሐይቅ ይዘናት ወጣን፣ ንፋሱ ከውሃው ላይ ነፈስ ሲያደርግ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ "አሟታል እንዴ?" ይላል። አላመማትም፣ ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቷ ቶሎ ያልቃል፣ ቺዋዋ ሲበርደው ብቻ ሳይሆን ሲፈራም ሲደሰትም ይንቀጠቀጣል። የጓደኛዬ እናት ነጠላቸው ውስጥ ከተቷትና "ይቺ እኮ የጃንሆይ ሉሉ ናት" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሉሉም ቺዋዋ ነበረች፣ ጃንሆይ እቅፍ ውስጥ ሆና የተነሳችውን ፎቶ ያላየ ያለ አይመስለኝም። እሳቸው ስለ ሉሉ ሲያወሩ ፊታቸው ሁሉ ይበራል፣ ባወሩ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

የዘሯ አገር ሜክሲኮ ነው፣ በሰሜን በኩል ቺዋዋ የሚባል ደረቅ ክልል አለ፣ ዋና ከተማው ከባህር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከሀዋሳ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ከስፔኖች በፊት እዛ አገር የነበሩ ሰዎች ቴቺቺ የሚባል ትንሽ ውሻ ያረቡ ነበር፣ የዛሬው ቺዋዋ የመጣው ከሱ ነው ይባላል፣ በድሮ መቃብሮች ውስጥም ከሸክላ የተሠሩ ትናንሽ ውሾች ተገኝተዋል። ዲኤንኤው ሲታይ ግን አብዛኛው ከአውሮፓ ውሾች የመጣ ነው፣ የጥንቱ ደም የቀረው ጥቂት ብቻ ነው፣ ያቺ ጥቂት መቅረቷ ራሱ ለኔ ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም የአገሩ ውሾች ከስፔኖች መምጣት በኋላ ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም። አሜሪካኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድንበር አካባቢ እየገዙ ወሰዷቸው፣ ከዛ ዓለም ሁሉ አወቃቸው።

በነጋታው ጠዋት በባጃጅ አሞራ ገደል ወረድን። ዓሳ የሚሸጡት ልጆች ትርፍራፊውን ሲጥሉ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ አንዳንዱ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። ቡቺ ከጉልበቴ በታች ሆና አንዱ ላይ ጮኸች ጮኸች፣ ወደኋላ ማለት የለም፣ ጓደኛዬ ሮጦ አነሳት። አባ ኮዳ ትንሽ እንስሳ ካገኘ አይምርም፣ ስለዚህ ሀዋሳ ቺዋዋ ያለው ሰው ሐይቅ ዳር ገመዷን እንዳይለቅ እለምናለሁ። ለጌታዋ ያላት ነገር ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱ ሲነሳ ትነሳለች፣ ሌላ ሰው ሲጠጋው ታጉረመርማለች፣ ቺዋዋ አንድ ሰው መርጦ መጣበቅ ይወዳል።

ልጆች ከበቡን፣ ሴልፊ፣ ላንሳት፣ ልያዛት። እዚህ ላይ ጓደኛዬ በጣም ይጠነቀቃል፣ ደግ ያደርጋል። ብዙ ቺዋዋዎች ጭንቅላታቸው ላይ ካደጉም በኋላ የማይዘጋ እርግብግቢት አላቸው፣ አጥንታቸው ቀጭን ነው፣ ጉልበታቸውም በቀላሉ ይወልቃል፣ ከአንድ ልጅ እጅ መውደቅ ሊገድላቸው ይችላል። ቡችሎቹ ደግሞ ምግብ ከዘገየባቸው ስኳራቸው ወርዶ ይዝለፈለፋሉ፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ መብላት አለባቸው። የዶሮ አጥንትማ በፍጹም።

አንድ አባት ለትንሽ ልጃቸው ሊገዙ ፈልገው ዋጋ ጠየቁት፣ "ጋሼ፣ ልጁ ትንሽ ከፍ ይበል፣ እስከ 15 ዓመት ድረስ የምትኖር ውሻ ናት፣ ምን ያስቸኩልዎታል?" አላቸው። ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ካርድ ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው፣ ሰፈሩ ውስጥ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ስላሉ በየዓመቱ ያስከትባታል፣ ሰውየውም ክሊኒኩ የት እንደሆነ ጠይቀውት ስልካቸው ላይ መዘገቡት።