የጠገራ ብር ዋጋ በምን ይለካል?

እዚህ ጎንደር ጠገራ ብር ከአያቶቻቸው የወረሱ ሰዎች ዘወትር የሚያሳዩኝ በላዩ የተቀረጸውን 1780 እ.ኤ.አ. ነው። ሆኖም ምስሏ በብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያው ዓመት ከሞተች በኋላም ብሩ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየናና በሌሎች ከተሞች ለረጅም ዘመን በብዛት ስለ ተመታ፣ ዓመቱ ብቻውን ብርቅ አያደርገውም። 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት ይዞ ፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብር ግን ጠገራውን ከገበያ ማስወጣት ስላልቻለ ቁጥሩ እጅግ ያነሰ ነው፤ እኔም አስቀድሜ የምፈልገው እርሱን ነው።

ከብርቅነቱ ባልተናነሰ ይዞታው ይወስናል። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ የተደረደሩት ጥቃቅን ዕንቁዎች አንድ በአንድ የሚለዩበት ጠገራ ለሰብሳቢ ተፈላጊ ሲሆን፣ ለአንገት ጌጥ የተበሳው ግን ዋጋው 28 ግራም ገደማ በሆነው ክብደቱ ልክ ወደሚያወጣው የብር ማዕድን ዋጋ ዝቅ ይላል። እባካችሁ፣ ከመሸጣችሁ በፊት በአመድ አትፈትጉት፤ የተፋቀ ገጽ አይመለስም።