አሜሪካ ሰርጀሪ ለምታመለክቱ ሐኪሞች፦ ካታጎሪካል ነው ወይስ ፕሪሊሚነሪ?

አሜሪካ ሄዶ ሰርጀሪ ለመሰልጠን የሚያስብ ሐኪም ሐሳቡ ሁሉ ፈተናው ላይ ነው። ቢሆንም አይፈረድበትም፤ የአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያ ክፍል የሆነው ስቴፕ 1 ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ውጤቱ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ስለሆነ ክብደቱ ስቴፕ 2 ላይ አርፏል። ኦኢቲ የሚባለው የጤና ባለሙያዎች የእንግሊዝኛ ፈተናም አለ። ብዙ ጎበዝ ሐኪሞች የሚጎዱት ግን ይህን ሁሉ አልፈው ከውጭ ለተማሩ ሐኪሞች የሚሰጠውን የኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬት ከያዙ በኋላ፣ የሚያመለክቱበትን ቦታ ዓይነት ሳይለዩ ሲቀሩ ነው።

የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንሲ ሁለት ዓይነት ቦታ አለው። ካታጎሪካል የሚባለው አምስቱንም ዓመት አሰልጥኖ ለቦርድ ፈተና ያበቃል። ፕሪሊሚነሪ ደግሞ የአንድ ዓመት ውል ነው። ተረኛነቱም፣ ዋርዱም፣ ድካሙም ያው ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ዓመቱ ሲያልቅ ነው። እንደ አኔስቴዥያ ባለ ሌላ ዘርፍ ቦታ ያገኘ ሰው የመጀመሪያ ዓመቱን እዚያ አሳልፎ ወደ ራሱ ዘርፍ ይሄዳል። ከውጭ የመጣ ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ግን ቀጣይ የሌለው ፕሪሊሚነሪ ነው።

የምርጫ ዝርዝራችሁን ስታስገቡ የፕሮግራሙን ስም ብቻ አትዩ። አንድ ሆስፒታል ሁለቱንም ሊኖረው ይችላል፤ ስሙም አንድ ነው። ኮዱን እዩ። መጨረሻው ላይ ካለችው ቁጥር በፊት ያለው ፊደል «ሲ» ከሆነ ካታጎሪካል፣ «ፒ» ከሆነ ፕሪሊሚነሪ ነው። ማች፣ ማለትም አመልካቾችንና ፕሮግራሞችን በምርጫ ዝርዝራቸው የሚያገናኘው ሥርዓት፣ አስገዳጅ ውል ስለሆነ መጋቢት ላይ ውጤቱ ከወጣ በኋላ «ተሳስቼ ነው» ማለት አያዋጣም።

ፕሪሊሚነሪ ፈጽሞ አትውሰዱ አልልም። ከዚያ ተነስተው ሰርጀን የሆኑ አሉ። ነገር ግን ጊዜው እንዴት እንደሚያጣድፍ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ሥራ የሚጀመረው ጁላይ 1 ነው፤ የቀጣዩ ዓመት ማመልከቻ ደግሞ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ለፕሮግራሞቹ ይደርሳል። ስለዚህ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሐኪም የሚያውቃችሁ ቢበዛ ለሦስት ወር ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ማን እንደሚጽፍላችሁ አስቡ፤ ኦገስት ላይ ጠይቁ። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ አብሳይት የሚባለው ዓመታዊ የሰርጀሪ ሬዚደንቶች ፈተና አለ። የሁለተኛ ዓመት ቦታ የተጓደለበት ፕሮግራም ዳይሬክተር በመጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የእሱ ውጤት ነው፤ በተረኛነት ደክማችሁም ቢሆን ለእሱ ማንበብ ግዴታ ነው። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ከማች ውጭ፣ አንድ ሬዚደንት ዘርፍ ሲቀይር ወይም ሲለቅ፣ በድንገት ነው የሚከፈቱት።

አገር ቤት ስፔሻሊስት ሆነው የሄዱም ከዚህ አያመልጡም። ቀድሞ የተሠራ ሥልጠና በራሱ አይቆጠርም፤ ጥቂት ዓመት እንዲታሰብ ጥያቄውን ለአሜሪካ የሰርጀሪ ቦርድ የሚያቀርበው የፕሮግራሙ ዳይሬክተር እንጂ ሐኪሙ አይደለም።

ቪዛው ነገሩን ያጠብቀዋል። ብዙ የውጭ ሬዚደንቶች የሚሠለጥኑበት የጄ-1 ቪዛ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ውሉ አልቆ ቀጣይ ቦታ ከሌለ ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው። ለጄ-1 ከአገር ቤት ጤና ሚኒስቴር የሚጻፍ ደብዳቤም ያስፈልጋል፤ አገሪቱ በዚያ ዘርፍ የሠለጠነ ሐኪም እንደምትፈልግ የሚገልጽ። ማች እንደወጣ በዚያው ሳምንት ጀምሩት፤ እስከ ጁላይ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ኤች-1ቢ የሚባለውን የሥራ ቪዛ የሚሰጥ ፕሮግራም ካገኛችሁ ስቴፕ 3ን አስቀድሞ ማለፍ ይጠይቃል።

ለፕሪሊሚነሪ ኢንተርቪው የተጠራችሁ፣ «ጥያቄ አለህ?» ወይም «አለሽ?» ስትባሉ ይህን ጠይቁ፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት ቀጣይ ቦታ ሳይኖራቸው የገቡት ሬዚደንቶቻችሁ አሁን የት ናቸው? የሚከታተላቸው ፕሮግራም አንድ በአንድ ይነግራችኋል። «አብዛኞቹ ጥሩ ቦታ ደርሰዋል» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ አሁን እዚያ ያሉትን ፕሪሊሚነሪዎች ፈልጋችሁ ለብቻቸው አነጋግሩ፤ ዝርዝሩን የምታስገቡት ከዚያ በኋላ ይሁን።