«36 ነኝ» ይሉኛል ደንበኞቼ

ወንድ ልጅ ሜትር ሲያይ ሆዱን ይስባል። ይህን ከእኔ ውሰዱ። ሳሪስ አካባቢ የወንድ ሱፍ እሰፋለሁ፤ ከሰው ወገብ ጋር ነው የምውለው። «ወገብህ ስንት ነው?» ስለው ደንበኛዬ ሳያቅማማ «36 ነኝ» ይለኛል። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ 36 ነው። ሱሪውም አልዋሸም፤ 36 ኢንች፣ ወደ 91 ሴንቲ ማለት ነው። ቀበቶው የታሰረው ግን ከቦርጩ ሥር ነው። ሆድ ሲጨምር ሱሪ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ቁጥሩ አይለወጥም። ሜትሬን ከፍ አድርጌ በእምብርቱ በኩል ሳዞረው 104፣ 106 አገኛለሁ። ያኔ ሰውየው ከሜትሩ ጋር ይጣላል።

ለሱሪ ይህ ቁጥር ብዙም አይጠቅመኝም። ለልብ ግን ትልቅ ነገር ነው። ይህን ያወቅኩት ባለቤቴ ግፊቷን ልትለካ ጤና ጣቢያ ስትሄድ እኔንም ጎትታ ስለወሰደችኝ ነው።

የእኔ ውጤት እንዲህ ነበር። ግፊት 134 በ86። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 108። ትራይግሊሰራይድ፣ ደም ውስጥ የሚዞረው ቅባት፣ 190። ጥሩው ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል የሚሉት፣ 36። ወገብ 101። ቀደም ሲል አንድ የግል ክሊኒክ ተመሳሳይ ውጤት ይዤ «ትንሽ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ አይዞህ» ተብዬ ወጥቻለሁ። ቁጥሮቹን ለየብቻ ካየናቸው እውነታቸውን ነው። በባዶ ሆድ ስኳር በሽታ የሚባለው ከ126 ጀምሮ ነው፤ ግፊት አለብህ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ 140 በ90 ሲደርስ ነው። እኔ አንዱም ጋ አልደረስኩም። በሽተኛ አይደለሁም ማለት ነው፣ አይደል?

ጤና ጣቢያ ያለችው ወጣት ሐኪም ግን ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ አምስቱንም ቁጥር በእስክሪብቶ አከበበችባቸው። «ጋሼ፣ እነዚህ አንድ ቤተሰብ ናቸው። አንዱ የመጣበት ቤት ሌሎቹም ይመጣሉ» አለችኝ። የቤተሰቡ ስም ሜታቦሊክ ሲንድሮም ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ከተገኙ በቂ ነው፦ ግፊት ከ130 በ85 ጀምሮ፣ የባዶ ሆድ ስኳር ከ100 ጀምሮ፣ ትራይግሊሰራይድ ከ150 ጀምሮ፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ለወንድ ከ40 ለሴት ከ50 በታች፣ አምስተኛው ወገብ። ለወገብ አሜሪካኖቹ 102 ለወንድ፣ 88 ለሴት ይላሉ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ደግሞ ለአፍሪካውያን የአውሮፓውያኑን ልክ ተጠቀሙ ይላል፤ 94 ለወንድ፣ 80 ለሴት። ለእኛ ተብሎ የተጠና ልክ ስለሌለ ነው። አውሮፓዊ ልብስ ስሰፋ ስለኖርኩ ይህኛው አልገረመኝም።

ይህ ጥርቅም ያለበት ሰው የልብና የደም ሥር በሽታ ሥጋቱ ከሌለበት ሰው እጥፍ ገደማ ነው። የስኳር በሽታ ሥጋቱ ደግሞ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል።

ለምን ሆድ? ከቆዳ ሥር ያለው ስብ፣ ዳሌና ጭን ላይ የሚቀመጠው፣ ያን ያህል ጠላት አይደለም። ክፉው ውስጥ ገብቶ አንጀትና ጉበትን የሚከበው ነው። እሱ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ቅባቱን በቀጥታ ወደ ጉበት ይለቃል። ጉበት ያንን ትራይግሊሰራይድ አድርጎ ወደ ደም ይመልሰዋል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል። ሰውነት ስኳርን ከደም ለሚያስወጣው ለኢንሱሊን አልታዘዝ ይላል። ቆሽት ደግሞ ለማካካስ ኢንሱሊን ይጨምራል፤ ኢንሱሊኑ ሲበዛ ኩላሊት ጨው ይይዛል፣ ግፊት ይወጣል። ይህ ሁሉ ለዓመታት የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ይጎዳል። እዚያ የተጠራቀመው ቅባት አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ደም ይረጋበታል፣ ወደ ልብ የሚሄደው መንገድ ይዘጋል።

ዣን ቫግ የሚባል የማርሴይ ሐኪም በ1947 ነው ስቡ ምን ያህል መሆኑ ብቻ ሳይሆን የት መቀመጡም ለውጥ እንዳለው የጻፈው። ከብዙ ዘመን በኋላ ኢንተርኸርት በተባለው ጥናት ከ52 አገራት የመጡ 27 ሺህ ያህል ሰዎች ተለኩ። የወገብና የዳሌ ንጽጽር ለድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሥጋት ከክብደትና ቁመት ስሌት የተሻለ አመልካች ሆኖ ተገኘ። ሚዛን በሜትር ተበለጠ። ለሙያዬ ስል ትንሽ ኮራሁ።

እኛ ጋ ግን ቦርጭ ምስጋና ነው። «ተመችቶሃል!» ይባላል። እጅና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ብቻ የወጣ ሰው ደግሞ «እኔ መች ወፈርኩ?» ይላል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ጾሙም አያድንም። «እኔ ግማሹን ዓመት ጾመኛ ነኝ፣ ቅባት ከየት ይመጣል?» ብዬ ተከራክሬያለሁ። ጉበት ትራይግሊሰራይድ የሚሠራው ከቅቤ ብቻ አይደለም፤ ከስኳር፣ ከነጭ ዱቄትና ከአልኮልም ነው። የእኔ የጾም ምሳ ምን ነበር? ፓስታ በዳቦ፣ ላዩ ላይ ዘይት፣ ከዚያ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር። ማታ ድራፍት፤ እሱም የጾም ነው።

ሌላው ጉዳይ ጨጓራ ነው። አንድ ደንበኛዬ ደረቱን ሲጨንቀው፣ ወደ ግራ ክንዱ ሲወርድበት፣ ሲያልበው ተልባ እየጠጣ አደረ። «ጨጓራዬ ነው።» ደግነቱ ልጁ ነርስ ናት፤ በማግስቱ ጎትታ ሆስፒታል አስገባችው። ልቡ ነበር። ተርፏል፣ ግን ደረጃ ሲወጣ አሁንም ያርፋል። የእሱም ወገብ «36» ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ የአምስት ቁጥር መለኪያ ዕድሜንና ሲጋራን አይቆጥርም። ቀጭን ሆኖ የሚያጨስ ሰው ነጻ ነኝ እንዳይል። ለዚህ ነው ሐኪሟ ዕድሜዬን፣ አለማጨሴን፣ ግፊቴንና ኮሌስትሮሌን ይዛ ሌላ የልብ ሥጋት መለኪያ ሠንጠረዥ ላይም ያየችልኝ። ለጊዜው መድኃኒት አላዘዘችልኝም፤ ከወራት በኋላ ተመለስ ብላለች። በ2002 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ነግራኛለች፤ ስኳራቸው እንደ እኔ ከፍ ያለ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲጥሩ ወደ ስኳር በሽታ የሚገቡት በ58 በመቶ ቀነሱ። በኪኒን የተሞከሩት በ31 በመቶ ነው። 7 በመቶ ለእኔ ስድስት ኪሎ ነው። ሰማይ አይደለም።

መለካት ለምትፈልጉ፦ ቀበቶውን ፍቱ። ከታችኛው ጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሀል ላይ ሜትሩን አዙሩ። ሳይጠብቅ ይንካ። ትንፋሻችሁን አውጡና አንብቡ። ሆድ መሳብ የለም፤ ሜትሩን የያዘው እኔ አይደለሁም፣ የምታፍሩት ሰው የለም።

ባለቤቴን ለካኋት፣ 91። ሜትሩን ቀምታኝ እንደገና ለካች፣ 91። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይቱ በማንኪያ ሆኗል፣ ከሳሪስ አቦ እስከ ቤት በእግር ነው የምንገባው። ማሽን ላይ ከመቀመጥ ቆሜ መቁረጡን አብዝቻለሁ። ስኳሩን ከሦስት ወደ አንድ አወረድኩ። ድራፍቱ ላይ ገና አልተስማማንም፤ እሷ ጭራሽ ትላለች፣ እኔ ቅዳሜን እያስለመንኩ ነው።