ድምሩ ልክ ነበር

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። በመካከሉ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ። ጠዋት ከደሴ ሹራብ ደርቤ እወጣለሁ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ አወልቀዋለሁ። ማታ ክረምት ከሆነ ሐረጎ ላይ ጉም ይወርዳል። ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ይላል።

የምነግራችሁ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሰኔ ላይ የደረሰብኝን ነው።

ሰኔ ለሒሳብ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የንብረት ቆጠራው፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቁ፣ የተሰብሳቢው ዝርዝር ባንድ ላይ ይመጣል። በዚያ ላይ ፔሮል፣ የወሩ የደመወዝ ዝርዝር ማለት ነው፣ አለ። ሱፐርቫይዘሮች የሠራተኛውን የኦቨርታይም (የትርፍ ሥራ) ሰዓት የሚያስረክቡኝ ወሩ በገባ በ28 ነበር። ደመወዝ ደግሞ በ30 መግባት አለበት። ስለዚህ ፔሮል የሚሠራው ሁልጊዜ ማታ ነው፤ ለእኔ ይህ የሥራው ጠባይ እንጂ ሊቀየር የሚችል ነገር አይመስለኝም ነበር።

በዚያ ወር ከቤት የምወጣው ጠዋት 1 ሰዓት፣ የምገባው ማታ 3 ሰዓት ነው። እናቴ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። ጠዋት ቡና ታፈላለች። እኔ አቦሉን በር ላይ ቆሜ እጠጣና እሮጣለሁ። «በረካው ቀረብህ እኮ ልጄ» ትለኛለች። «ሰኔ ይለፍ እማዬ» እላታለሁ። ከሰኔ በፊት ደግሞ «ፋሲካ ይለፍ» ብያት ነበር። ከዚያ በፊት «ኦዲተሮቹ ይሂዱ»። ደስታ የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ከአንድ ሥራ ማዶ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ አርብ ማታ ወደ 140 የሚሆኑ ሠራተኞችን ኦቨርታይም እየሞላሁ ነው። 2 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ምሳ አልበላሁም። ዓይኔ ይቆጠቁጠኛል። ዝርዝሩ የመጣው በክፍል በክፍል ስለነበር ስሞቹን በፊደል ተራ ላስቀምጥ ብዬ የስሙን ዓምድ ብቻ መረጥኩ። ኤክሴል ጠየቀኝ። «ከጎኑ ያሉትም አብረው ይንቀሳቀሱ?» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። አላነበብኩትም፤ ቶሎ እንዲጠፋልኝ ብቻ አንዱን ነካሁት። ስሞቹ ተንቀሳቀሱ። ሰዓቶቹ ባሉበት ቀሩ።

እንግዲህ አስቡት። የአንዱ ሌሊት ለሌላው ተጻፈ። ድምሩ ግን አልተነካም። ጠቅላላ ሰዓቱም ጠቅላላ ብሩም እንዳለ ነው። በሒሳብ ሥራ ውስጥ ከባዱ ስህተት ይህ ነው፤ ድምር የማያጋልጠው። እኔም ድምሩን አይቼ ደስ አለኝ። ሥራ አስኪያጁም ድምሩን አይቶ ፈረመ። ደብዳቤው ባንክ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የመጣው አንድ የጥገና ሠራተኛ ነው። ቅሬታ ይዞ የመጣ መስሎኝ ነበር። «የኔ ያልሆነ ገንዘብ ገብቶልኛል። ሐራም ነው፣ ቁረጡልኝ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜም አልገባኝም፤ የባንክ ስህተት ይሆናል ብዬ ሸኘሁት።

ከእሱ ኋላ አንዲት ልጅ ገባች። የሌሊት ሺፍት ናት። ሌሊቱን ሠርታ ቤቷ አልሄደችም፤ ቢሮ እስኪከፈት ደጅ ቁጭ ብላ ጠብቃኛለች። ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች።

«ጋሼ፣ የ6 ሰዓት ነው የተከፈለኝ። የሠራሁት 26 ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ እህቴ?» አልኳት። ይህ ጥያቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አወጣች። ቀኑ በቀኑ ተጽፏል። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ማን እንዳዘዛት ሳይቀር። አንዳንዱ በእርሳስ፣ አንዳንዱ በቢክ። ገጹን ወደ እኔ አዞረችና «የእኔን እንቅልፍ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ተሁለደሬ ላሉት አባቷ ለዘር የምትልከው ገንዘብ ነበር።

ፋይሉን ከፍቼ የእሷን ስም ከሱፐርቫይዘሩ ወረቀት ጋር ሳመሳክር እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከላይዋ ያለውን አየሁ። ከዚያ ከታች ያለውን። አንድም ትክክል አልነበረም።

ሦስት ቀን ፈጀብን። የጎደለውን ወዲያው ከፈልን፤ የበዛለት ደግሞ እየተጠራ በሁለት ወር እንዲቆረጥለት ተስማማ። አንዳንዱ ተጠቅሞበት ስለነበር ጭቅጭቅም ነበር። ሰው ላይ መፍረድ አልችልም፤ ስህተቱ የእኔ ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ተገቢ ነበር፣ ፈርሜ ተቀበልኩ።

እኔን የያዘኝ ግን ያ ደብተር ነው። የሠራተኛውን ሰዓት በሕግ የማሰላ ሰው ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጠረጴዛዬ ላይ ነው። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ ከጠዋት 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ከሆነ በ1.5፣ ከማታ 4 በኋላ በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ይህን ለሌላው ስቆጥር የራሴን አንድ ቀን ቆጥሬ አላውቅም። ልጅቷ በእርሳስ የያዘችውን ያህል እንኳን ስለ ራሴ አላውቅም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። የራሴን ሳምንት ጻፍኩ። የሥራ፣ የመንገድ፣ የእንቅልፍ፣ የቤተሰብ። ድምሩ እንደማንኛውም ሰው 168 ሰዓት ነው። ለልጄና ለባለቤቴ የዋለው፣ የእሁዱን ከሰዓት ጨምሬ፣ 7 ሰዓት አልሞላም። እሱንም ስልኬን ይዤ ነው። ለካ የእኔም ሕይወት እንደዚያ ፔሮል ነበር፤ ድምሩ ልክ ሆኖ የአንዱ ድርሻ ለሌላው የተጻፈ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ትልቅ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁና ፔሮል ከእንግዲህ ማታ አልሠራም አልኩት። «ሰኔ ላይስ?» አለ። «በተለይ ሰኔ ላይ» አልኩት። ፊቱ አልፈታም። ግን የሆነውን እሱም አይቷል፣ የፈረመው እሱ ነው። የሱፐርቫይዘሮቹ ማስረከቢያ ከ28 ወደ 25 መጣ። ከ25 በኋላ የተሠራው ወደሚቀጥለው ወር እንዲዞር ተስማማን፤ ይህንንም ለሠራተኛው አስቀድመን አስታወቅን። አሁን ፔሮል የሚሠራው ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ነው። ስሙን አንድ ሰው ያነባል፣ ሰዓቱን ሌላው ከወረቀቱ ይመልሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። «ራስህን አስተካክል» የሚል ምክር ብዙ ሰምቻለሁ። ማስረከቢያው በ28 ቢቀር ኖሮ እኔ ብቻዬን የፈለግኩትን ብወስን ማታው አይለቀኝም ነበር። አንዳንዱን መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ፊት ለፊት፣ በአክብሮት።

የቀረው በእኔ እጅ ያለው ነው። 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ኮምፒዩተሩን እዘጋለሁ። የበሩ ጥበቃ አዛውንት ናቸው፣ ሐጂ እንላቸዋለን። የዐስር ሶላት ሲደርስ የያዙትን ሁሉ አስቀምጠው ለባልደረባቸው አስረክበው ይሰግዳሉ፤ ተመልሰው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ለዓመታት በመስኮት ሳያቸው ኖሬያለሁ። የመጀመሪያው ቀን በጊዜ ስወጣ «ምነው ታመምክ እንዴ ልጄ?» ብለው ደነገጡ። «ደህና ነኝ ሐጂ፣ ቤቴ መሄዴ ነው» አልኳቸው። «አብሽር! እንዲያ ነው» ብለው መረቁኝ።

ሐረጎ ላይ ስልክ አልከፍትም። የሥራ ቴሌግራሙ ድምፅ ማታ ይጠፋል። ምሳዬን ወንበሬ ላይ ሆኜ አልበላም። ቀላል ይመስላል እንጂ የመጀመሪያው ወር ከብዶኝ ነበር። በጊዜ ቤት ገብቼ ምን እንደምሠራ አላውቅም። ልጄም እስኪለምደኝ ጊዜ ወሰደበት፤ ስቀመጥ «አባዬ አትሄድም?» እያለ በር በሩን ያይ ነበር።

የዓመት ፈቃዴንም ጠየቅኩ። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የእኔ 19 ደርሶ ነበር። በሥራ ላይ እያሉ በገንዘብ መለወጥም አይቻልም። መስከረም ላይ 5 ቀን ወሰድኩና ቤተሰቡን ይዤ ሐይቅ ሄድን። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አይቶት አያውቅም ነበር። ዳገቱ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ውሃው ዳር የተጠበሰ ዓሣ በላን። እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች፣ ብዙ ሰዓት ምንም ሳትናገር ተቀመጠች። ከመሄዳችን በፊት «አባትህ አንድ ጊዜ አምጥቶኝ ነበር» አለችኝ። ይህን ነግራኝ አታውቅም ነበር። ወይም ልትነግረኝ ስትጀምር እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።

ባለፈው ሰኔ ያቺ ልጅ ቢሮዬ መጣች። ደብተሯን ከፍታ ከፔሮሉ ጋር አስተያየች። 18 ሰዓት፣ ልክ ነው። «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብላ ወጣች። ደብተሩን ግን አልተወችውም፤ አሁንም ትጽፋለች።

በዚያው ቀን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ሐረጎ ላይ ጉም ነበር። ቤት ስደርስ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ቶናው እየተቀዳ ነው። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና ቦታ አመላከተችኝ። ሹራቤን ደርቤ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ጀበናዋ ላይ ውሃ ጨመረችና ለሦስተኛው መልሳ ጣደችው።